የመጽሐፍ እንግሊዝኛና የጨዋታ እንግሊዝኛ

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት የተማረ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከገባ በኋላ ፊዚክሱንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ ያጠና፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚሁ ቋንቋ ያቀረበ ኢትዮጵያዊ ጥቂት አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የዘረጋው መንገድ ይኸው ነው። ይህ ሰው ሪፖርት ይጽፋል፣ ውል አንብቦ ይረዳል፣ የእንግሊዝኛ ዜናም ብዙ አያመልጠውም። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ለንደን ሥራ ሲጀምር ግን ባልደረቦቹ በምሳ ሰዓት የሚያወሩት አልጨበጥ ይለዋል። በተራው ሲናገር ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ ጨዋታው ግን ይቀዘቅዛል። ዱባይ ወይም ዶሃ ከፊሊፒንስና ከሕንድ ሰዎች ጋር የሚሠራውም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከውጭ ድርጅት ጋር ስብሰባ የሚቀመጠውም ይህን ችግር ያውቀዋል። ብዙዎች ነገሩን ለቃላት ማነስ ወይም ለአክሰንት ይሰጡታል፤ ስለዚህ አንዳንዱ መዝገበ ቃላት ይሸመድዳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከቴሌግራምና ከቲክቶክ የአራዳ እንግሊዝኛ ይለቅማል። እኔ የምከራከረው የጎደለው ሁለቱም እንዳልሆነ ነው። የጎደለው በየደቂቃው ከሰው አፍ የሚወጣው፣ ተራ ከመሆኑ የተነሣ መምህሩም መጽሐፉም ሳያነሡት የሚያልፉት ዝግጁ አነጋገር ነው። እሱም የሚለመደው ማን ለማን፣ መቼና ለምን እንደሚለው አብሮ ሲለመድ ብቻ ነው።

ማስረጃውን ከምርምር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድሩ ፖሊና ፍራንሲስ ሳይደር የተባሉ የሥነ ልሳን ሊቃውንት አንድ ጥያቄ አነሡ። የእንግሊዝኛ ሰዋስው አንድ ሐሳብ በብዙ መንገድ እንዲገለጽ ይፈቅዳል፤ ባለቋንቋው ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚለው። ይህ ለምን ሆነ? ምሳሌያቸው የጋብቻ ጥያቄ ነበር። ወንዱ «ላገባሽ እፈልጋለሁ» ሊል ይችላል፤ «እኔን ማግባትሽ በእኔ ዘንድ የተፈለገ ነው» ቢልም ሰዋስው አይከለክለውም፤ እንዲህ ብሎ ሴት የሚጠይቅ ግን የለም። የደረሱበት መደምደሚያ፣ ሰው ሲናገር ዓረፍተ ነገሩን ሁልጊዜ ከነጠላ ቃላት እየገጣጠመ አይሠራም የሚል ነው። በአእምሮው ውስጥ እጅግ ብዙ የተዘጋጀ ሐረግ ተከማችቷል፤ አፉን ሲከፍት የሚመዘው እሱን ነው። ሳይደናቀፍ በፍጥነት መናገር የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሚሊዮን ቃላት በኮምፒዩተር አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመውን የኮቢልድ መዝገበ ቃላት የመራው ጆን ሲንክሌርም በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ደረሰ፤ ቃላት በተናጠል የሚኖሩ አይደሉም፣ ጓደኛ ጓደኛቸውን ይዘው ነው የሚመጡት አለ። ብሪት ኤርማንና ቢያትሪስ ዋረን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ ከመረመሩት እንግሊዝኛ ከግማሽ የሚበልጠው ከእንዲህ ዓይነት ዝግጁ አነጋገር የተሠራ ሆኖ አገኙት፤ በንግግር ውስጥ ያለው ድርሻም በጽሑፍ ካለው ይበልጥ ነበር። እንግዲህ በክፍል ውስጥ ቃላትን ለብቻ፣ ሰዋስውን ለብቻ የተማረ ሰው ከቋንቋው ከግማሽ በላይ የሆነውን ክፍል ማንም አላስተማረውም ማለት ነው።

እነዚህ ሐረጎች ምን ዓይነት ናቸው? መልሱ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ውበትም ዘይቤም የላቸውም። ሮናልድ ካርተርና ማይክል ማካርቲ በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የመሩት ሥራ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ሰዎች ጭውውት 5 ሚሊዮን ቃላት ቀርጾ በጽሑፍ አስቀመጠ። ከዚያ ክምችት ውስጥ ሁለት ሁለት ቃላት ሆነው ከሚመጡት ሁሉ አንደኛ የወጣው «ዩ ኖው» ነው፤ «አይ ሚን» እና «አይ ቲንክ»ም ከፊተኞቹ ተርታ ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ምን መሰለህ»፣ «ማለቴ»፣ «እንግዲህ»፣ «እስቲ»፣ «እኮ» ከጨዋታችን ይውጡ ቢባል የሚተርፈው የዜና ንባብ ነው። አማርኛ የተማረ የውጭ ሰው «እኮ»ን በቦታዋ ሲያስገባት ሰሚው ሁሉ ፈገግ የሚለው፣ ሰውዬው አዲስ ቃል ስላወቀ ሳይሆን አሁን ገና ከእኛ ጋር መጫወት ስለጀመረ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ «ዩ ኖው» ሰሚውን «አብረን ነን» ይለዋል፤ «አይ ሚን» ያልተስተካከለውን ሐሳብ መልሶ ለማቅናት ጊዜ ይሰጣል፤ «ካይንድ ኦፍ» የተናገሩትን ያለዝባል። ማሰቢያ ጊዜ ሲያጥረው ጸጥ ብሎ የሚቆም ተናጋሪ እንግሊዝኛ የማይችል ይመስላል፤ ያንኑ ያህል ጊዜ በ«ዌል፣ አይ ሚን» የሚሞላው ግን የሚያስብ ሰው ይመስላል። በሁለቱ መካከል ያለው የችሎታ ልዩነት ሦስት ቃል ነው።

የሰሚው ድርሻ ደግሞ ከዚህም በላይ ችላ የተባለ ነው። ማካርቲ ደጋግሞ እንደሚያስረዳው፣ የንግግር ቅልጥፍና የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ተጋግዘው የሚፈጥሩት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው ሲሰማ ዝም አይልም። «ሪሊ?» ይላል፣ «ራይት» ይላል፣ ቀጠሮ ሲነገረው «ሳውንድስ ጉድ»፣ ይቅርታ ሲጠየቅ «ኖ ዎሪስ»፣ ደስ የሚል ነገር ሲሰማ «ዛትስ ግሬት»፣ ክፉ ሲነገረው «አም ሶ ሶሪ» ይላል። እኛም «እሺ»፣ «ውይ»፣ «አትለኝም!»፣ «እሰይ» እያልን ነው የምናዳምጠው፤ አንዳንዴም ትንፋሽ ወደ ውስጥ በመሳብ ብቻ «አዎ» እንላለን። ይህ የትንፋሽ «አዎ» ግን ለማያውቀው ሰው መልስ ሳይሆን ድንጋጤ ነው። በእንግሊዝኛ ግን የመልስ ሐረጉን ስለማያውቅ ኢትዮጵያዊው በትሕትና ዝም ብሎ ሲያዳምጥ አሜሪካዊው «አልገባውም» ወይም «አልጣመውም» ብሎ ሊያስብ ይችላል። በብዛት የሚያገለግሉት እንዲህ ያሉ የመልስ ሐረጎች ጥቂት ናቸው፤ ብዙውን ጭውውት የሚሸከሙት እነዚሁ ናቸው። በአንድ ወር የሚለመዱ ሆነው ሳለ በአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ሳይነሡ መቅረታቸው ያሳዝናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ እሱም አክብሮት ነው። አማርኛ አክብሮትን የሚሸከመው በተውላጠ ስምና በግሥ ነው። «ይስጡኝ» ያለ ሰው በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ሽማግሌውን አክብሯል፤ ተጨማሪ ማለዘቢያ ባያክል ማንም ባለጌ አይለውም። እንግሊዝኛ ጥንት «ዛው» እና «ዩ» የሚል ልዩነት ነበረው፤ ዛሬ ግን ለሕፃኑም ለንጉሡም «ዩ» ብቻ ነው ያለው። ግሡም አይረዳም። ስለዚህ አክብሮቱ ሁሉ ወደ ሐረጉ ተዛወረ። «ኩድ ዩ»፣ «ውድ ዩ ማይንድ»፣ «አይ ዋዝ ዋንደሪንግ ኢፍ» የሚባሉት ጌጥ አይደሉም፤ «እርስዎ» የሚሠራውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። በአማርኛ ጨዋ የሆነ ሰው «ጊቭ ሚ ዋተር» ሲል በልቡ «ይስጡኝ» እያለ ነው፤ ጆሮ የሚደርሰው ግን «ስጠኝ» ነው። ብዙ ደግ ሰዎች በዚህ ምክንያት ብቻ ቁጡ ወይም ትዕቢተኛ ተብለዋል፤ ይህ ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ ነገር ነው፤ ምክንያቱም በደሉ ከጠባያቸው የመጣ ሳይሆን ካልተማሩት ሐረግ የመጣ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ለስላሳው ሐረግ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። አለቃ «ዩ ማይት ዋንት ቱ ቼክ ዛት አጌን» ካለ፣ ቃል በቃል ሲወሰድ «ደግመህ ማየት ትፈልግ ይሆናል» ነው፤ የተባለው ግን «ደግመህ እየው» ነው። ምርጫ የተሰጠው መስሎት ሥራውን እንዳለ የተወ ሠራተኛ ሳያውቀው ትእዛዝ ጥሷል።

ተመሳሳይ ወጥመድ በየማዕዱ አለ። ቡና ይጨመርልህ ሲባል «አም ጉድ» ማለት «አልፈልግም፣ ይብቃኝ» ማለት ነው፤ ያለው ሰውም የሚጠብቀው ልመና እንዲቀር ነው። እኛ እንግዳ እምቢ ሲል «በሞቴ» እያልን የምንደግምበት ባህል ስላለን፣ የመጀመሪያውን እምቢታ እንደ መግቢያ እንቆጥረዋለን፤ እነሱ ደግሞ የእኛን የመጀመሪያ እምቢታ እንደ መጨረሻ ይቆጥሩትና ምግቡን ያነሡታል። «ሲ ዩ ሌተር» ቀጠሮ አይደለም። «ዊ ሹድ ጌት ቱጌዘር ሰምታይም» ቀንና ቦታ እስካልተጨመረበት ድረስ ግብዣ አይደለም፤ የወዳጅነት ምልክት ብቻ ነው። «ሃውዝ ኢት ጎይንግ?» ብሎ ሳይቆም የሚያልፍ ሰው ንቆን አይደለም፤ ጥያቄው ሰላምታ ነው፣ «ፕሪቲ ጉድ፣ ዩ?» ይበቃዋል። የትምህርት ቤቱ «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ፣ ኤንድ ዩ?» ስሕተት ባይሆንም እንዲህ ተሟልቶ የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው። አሉታዊ ጥያቄም አለ፤ «ምሳ አልበላህም?» ስንባል ካልበላን ብዙ ጊዜ «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን ካልበላህ መልሱ «ኖ» ነው። «የስ» ብሎ ዝም ያለ ሰው በልቻለሁ ብሏል፤ ምሳው ያልፈዋል።

የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ከአፉ የራቀበት ታሪካዊ ምክንያትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1066 ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ ላቲን ደግሞ የቤተ ክርስቲያንና የሊቃውንት ነበር። ከሁለቱ የገቡት ቃላት በሕግ፣ በሳይንስና በአስተዳደር ጽሑፍ ላይ ነገሡ። በጓዳና በገበያ የቀረው ግን አጫጭሩ የጥንት ግሥ ነው። የእኛ ተማሪ በመማሪያ መጽሐፍ ያገኘው የላይኛውን ክፍል ነው፤ «ፖስትፖን»፣ «ቶለሬት»፣ «ዲስከቨር» ያውቃል። የምሳ ሰዓቱ ጨዋታ ግን «ፑት ኦፍ»፣ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ፋይንድ አውት» ነው። «ጌት»ን፣ «ፑት»ን፣ «ቴክ»ን፣ «ከም»ን ሁሉም በመጀመሪያው ዓመት ተምሯቸዋል፤ ከ«አፕ»፣ ከ«አውት» እና ከ«ኦፍ» ጋር ሲጣመሩ ግን የማያውቃቸው ይሆኑበታል። ስለዚህ ጭውውት ሲከብደው አስቸጋሪ ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላት መግለጥ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ መሮጥ ነው፤ ማጥናት ያለበት የሚያውቃቸውን ትንንሽ ቃላት እንደገና ነው።

ድምፁም የራሱ ጣጣ አለው። አማርኛ ለየክፍለ ቃሉ ተቀራራቢ ክብደት ይሰጣል፤ እንግሊዝኛ ግን ዋናውን ቃል ጫን አድርጎ ሌላውን ይውጠዋል። «ዋት አር ዩ ጎይንግ ቱ ዱ» ተብሎ የተጻፈው በጆሮ «ዋቻ ጎና ዱ» ሆኖ ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ «ጌት ኢት» «ጌዲት» ይሆናል። ይህ የስንፍና ወይም የመሃይም አነጋገር አይደለም፤ የተማረውም ፕሮፌሰር እንዲሁ ነው የሚናገረው፣ እኛም «ምንድን ነው»ን «ምንድነው» እያልን ነው የምንውለው። ተማሪው እነዚህን የተዋጡ ድምፆች መስማት መቻል አለበት፤ ራሱ እንዲዋጥ አድርጎ መናገር ግን ግዴታው አይደለም። ቃሉን ሳይቆርጥ በእርጋታ የሚናገር ሰውን ማንም አይነቅፈውም።

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ክብደት ያላቸው ናቸው። የመጀመሪያው «ፈሊጥ የማያውቅ ሰው እንዴት ባለቋንቋ ይመስላል? የአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና እንኳ ይጠይቃል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ የንግግር ፈተናው መመዘኛ በሰባተኛው ደረጃ ላይ ፈሊጣዊ አነጋገርን ያነሣል። ነገር ግን እዚያው ጎን ለጎን የአነጋገር ስልትንና የቃላትን መጣጣም ማወቅን ይጠይቃል፤ ብዙ አሠልጣኝ የሚያነበው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ውጤቱም ዝናብ በጣለ ቁጥር «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» የሚል፣ ፈተናው ሁሉ «ፒስ ኦፍ ኬክ» የሚሆንበት ተማሪ ነው። ስለ ውሾችና ድመቶች የሚለው ፈሊጥ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ እምብዛም የማይሰማ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ በቀላል ንግግር መካከል በድንገት የተሰካ ፈሊጥ ወዲያው ይለያል። የአራዳ ቋንቋ ጉዳቱ ከዚህም ይከፋል፤ በየጊዜው ያረጃል፣ የዕድሜና የሰፈር ምልክት አለው፣ ከፊልምና ከራፕ ሙዚቃ የተለቀመው ብዙው በሥራ ቦታ የሚያሳፍር ነው። የአርባ ዓመት ሰው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅን ቃል ይዞ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ያው ነው። የአራዳውን መረዳት ይጠቅማል፤ ለመናገር ግን መቸኮል አያስፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የጠነከረ ነው። እንግሊዝኛ ዛሬ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም፤ በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገረው ሰው ከአፍ መፍቻ ተናጋሪው ይበልጣል። አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ኬንያዊው ከግብፃዊው፣ ኢትዮጵያዊው ከናይጄሪያዊው ጋር በእንግሊዝኛ ሲነጋገር፣ የለንደንን ሐረግ መኮረጅ ምን ይረባል? የቪየና ዩኒቨርሲቲዋ ባርባራ ሳይድልሆፈር፣ አንዱ ወገን ብቻ የሚያውቀው ፈሊጥ በእንዲህ ያለ ንግግር ውስጥ መግባባትን እንደሚያደናቅፍ አሳይታለች። እኔም እቀበለዋለሁ። ግን ይህ ክርክር የሚመታው ፈሊጡን እንጂ እኔ የምለውን አይደለም። ፈሊጡ ሊያደናቅፍ ይችላል፤ «ዱ ዩ ሚን...?» ብሎ መጠየቅ፣ «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?» ብሎ ማስደገም፣ «ሶ ዋት ዩር ሴይንግ ኢዝ...» ብሎ የሰሙትን ማረጋገጥ ግን ኬንያዊውንም ግብፃዊውንም ይረዳል። ሁለቱም ወገን እንግዳ በሆነበት ቋንቋ ውስጥ እነዚህ ሐረጎች እንዲያውም የበለጠ ያስፈልጋሉ። አክሰንትንም ማንም እንዲለውጥ አልመክርም። ኢትዮጵያዊ ሆኖ፣ በኢትዮጵያዊ ድምፅ፣ በጨዋ ሐረግ መናገር ይቻላል።

ሦስተኛው «ሰዋስው ሳይጸና ጨዋታ ምን ይሠራል» የሚለው የመምህራን ስጋት ነው። ሰዋስው አያስፈልግም ያለ የለም፤ ደብዳቤና ሪፖርት ያለ እሱ አይቆምም። ሆኖም ሁለቱ የሚጣሉ አይደሉም። «አይ ዋዝ ዋንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ» የሚለውን ሐረግ በደንብ የያዘ ተማሪ ያለፈ ጊዜን፣ ቀጣይ ግሥንና በ«ኢፍ» የሚገባ ሐረግን በአንድ ጊዜ በአፉ ይዟል፤ ደንቡ ኋላ ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ አለው። ደንቡን ብቻ የያዘው ግን ሐረጉን ከደንቡ ፈልጎ አያወጣውም።

እንዴት ይለመድ? በዝርዝር አይደለም። ዝርዝር ሐረጉን ከሰውየውና ከቦታው ይነጥለዋል፤ የቀረው ባዶ ድምፅ ነው። የሚሻለው አጭር ጭውውት መርጦ ደጋግሞ መስማት ነው፤ ከፊልም ወይም ከተከታታይ ድራማ የአንድ ደቂቃ ያህል፣ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበት፣ በተቻለ መጠን የተማሪውን ዕድሜና የሥራ ዓይነት የሚመስል። መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ፣ ከዚያ ከጽሑፉ ጋር፣ ከዚያ እንደገና ያለ ጽሑፍ ይሰማል። ደብተር ላይ የሚጻፈው ትርጉሙ ብቻ አይደለም፤ ማን እንዳለው፣ ለማን እንዳለው፣ ምን ሲሆን እንዳለውና ምን መልስ እንዳገኘ ጭምር ነው። ተናጋሪውን እየተከተሉ፣ ዜማውንና እረፍቱን ጠብቆ ጮክ ብሎ ማለት ምላስን ያላምዳል። ቢቢሲ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች ያዘጋጀው «ዚ ኢንግሊሽ ዊ ስፒክ» ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ፣ በእያንዳንዱ ክፍሉ አንድ የዕለት አነጋገር የሚያስረዳ ዝግጅት ነው፤ ለጆሮ ይጠቅማል፣ ግን እሱም ቢሆን ከማስመሰል ወደ መጠቀም ካልተሻገሩ አይያዝም። አንድ ሐረግ የራስ የሚሆነው ከሰው ጋር በእውነተኛ ጉዳይ ላይ ጥቂት ጊዜ ሲሉት ነው፤ በስልክም ቢሆን፣ በሱቅም፣ በአውቶቡስ ላይም። ውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ደግሞ ቅርብ ያለ መምህር አላቸው። እዚያ የተወለዱ ልጆቻቸው የትኛው ሐረግ ለጓደኛ፣ የትኛው ለመምህር እንደሚባል በደንብ ይለያሉ፤ ልጅን መጠየቅ የወላጅን ክብር አይቀንስም።

አገር ቤት ያላችሁ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ከሳምንቱ ክፍለ ጊዜያት አንዱን ለዚህ ስጡ፤ ተማሪዎቻችሁ «ፓሲቭ ቮይስ»ን ለፈተና ከማወቃቸው ጎን ለጎን ውሃ በጨዋ ሐረግ መጠየቅን፣ ያልሰሙትን ማስደገምን፣ ለተከዘ ሰው ተገቢውን መልስ መስጠትን ይማሩ። አንባቢም መምህር አይጠብቅ። ለዚህ ሳምንት ሦስት የመልስ ሐረጎችን ያዙ፤ «ሳውንድስ ጉድ»፣ «ኖ ዎሪስ» እና «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?» ይሁኑ። ማን ለማን እንደሚላቸው አድምጡ፣ ከዚያ በቦታቸው በሉዋቸው፤ ሳምንቱ ሳያልቅ አራተኛ አትጨምሩ።